ማጀቢያው በማን እጅ ነው? ከኮምቦልቻ ለደረሰኝ ጥያቄ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የ18 ደቂቃ አጭር ፊልም ሠርቻለሁ። ልጇ ወደ ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋባት እናት ታሪክ ነው። መጨረሻ ላይ ስልክ ይጠራል። ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስገባሁበት፤ ያዩት ጓደኞቼ ግን ‹ክሊፕ መሰለ› አሉኝ። እርስዎ ከፊልምና ከተከታታይ ድራማ ማጀቢያዎች በጣም የሚወዱት የትኛውን ነው? ከእሱ መማር እፈልጋለሁ። የኢንተርስቴላር ፊልምን ሙዚቃ ብጠቀምስ ችግር አለው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ ችግር አለው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ። የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ስቆጥር ራሴ እደናገራለሁ።

ጓደኞችሽ ሙያው ባይኖራቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል። ክሊፕ ውስጥ ሙሽራው ሙዚቃው ነው፤ ምስሉ ሚዜ ነው። ፊልም ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ማጀቢያ የምንለውም ስለሚያጅብ ነው። ሚዜው ከሙሽራው ቀድሞ ዳሱ ውስጥ ከገባ ደግሞ ያው ታውቂዋለሽ።

የምወደው ማጀቢያ ብዙ ነበር። ደሴ ውስጥ ኪቦርድ ስነካካና ድምፅ ሳቀናብር ዕድሜዬ ሄደ፤ ዕድሜው ሲጨምር ዝርዝሩ እያጠረ መጣ። አንድ ብቻ ምረጥ ካልሽኝ ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 የሠራውን «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» እመርጣለሁ። ሙዚቃው የኤንዮ ሞሪኮኔ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን፣ በሃምሳ ሳንቲም ነው። ካሴቱ አርጅቶ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድምፁ ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አጀማመሩን ልንገርሽ። ሦስት ሽፍታ መሳይ ሰዎች ባቡር ጣቢያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሙዚቃ የሚባል የለም። የነፋስ ወፍጮው ሲጥ ሲጥ ይላል። የአንዱ ባርኔጣ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ሌላው ፊት ላይ ዝንብ ያርፋል። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ «ድምፁን ጨምር!» ብለን ጮኸናል። ባቡሩ መጣ፤ የወረደ ሰው የለም። ባቡሩ ሲሄድ ከሐዲዱ ማዶ ሃርሞኒካ ተነፋ። ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ቆሟል፤ ሃርሞኒካው አፉ ላይ ነው።

ያ ሰውዬ ሃርሞኒካውን ለምን እንደሚነፋ የምታውቂው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ካላየሽው አልነግርሽም። ብቻ ስታውቂው እስከዚያ የሰማሽው ዜማ ሁሉ ትርጉሙ ይለወጥብሻል። ሞሪኮኔ ሙዚቃውን ያዘጋጀው ከቀረጻው በፊት ነበር፤ ሊዮኔ ሲቀርጽ ለተዋንያኑ ያሰማቸው ነበር። አረማመዳቸው እንኳ ከዜማው ጋር የሚሄደው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ማጀቢያ የሚታሰበው ኤዲቱ አልቆ፣ ብሩም አልቆ ነው።

ሁለተኛው ሃርሞኒካ ከህንድ ነው። ደሴ ሰው የህንድ ፊልም ሲወድ አይጣል ነው፤ ከእኔ ዕድሜ «ሾሌይ»ን ያላየ ካለ ዋሽቷል። ፊልሙ የ1975 ነው፤ ሙዚቃው የአር ዲ በርማን። አሚታብ ባቻን ማታ ማታ ደጅ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል። ከላይ ሰገነቱ ላይ ባሏ የሞተባት ወጣት ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አይነጋገሩም። ፍቅር የምትል ቃል አትወጣም። ግን ሁሉም ይገባዋል፤ ሕፃኑም፣ ሂንዲ የማይሰማውም።

መሣሪያው ያው አንድ ነው። አንዱ ጋ ደም ነው፣ ሌላው ጋ ፍቅር። የሚያመሳስላቸው ዜማውን ታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው በእጁ መያዙ ነው። ከላይ የፈሰሰ አይደለም። እኔ ማጀቢያ ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼንኑ ነው፤ ይህ ዜማ የማን ነው? ባለቤት ከሌለው አወጣዋለሁ።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ምን ያንጎራጉር ነበር? ባጃጁን ሲያጥብ ያፏጭ ነበር? ለእናቱ ስልክ ላይ የጥሪ ድምፅ የመረጠላት እሱ ነው? ከጥያቄሽ እንደገባኝ ልጁ ፊልሙ ውስጥ አይታይም። እንግዲያው የሚገባው በዜማ ነው። እናቱ ቡና ስትወቅጥ ሳታውቀው ታንጎራጉረው። ገና በሁለተኛው ደቂቃ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በሙቀጫው ምት ብቻ። ተመልካቹ የዚያን ጊዜ ምንም አይመስለውም። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ዜማው ሲመለስ ግን የማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ቀጥሎ ዝምታ። በ1975 የወጣውን «ጆውስ» ታውቂዋለሽ፣ የሻርኩን። የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ዋና ሐሳቡ ሁለት ኖታ ነው። በፒያኖ ሲያሰማው ስቲቨን ስፒልበርግ ቀልድ መስሎት ስቋል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሁለቱ ኖታ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሁለት ልጆች የውሸት ክንፍ ይዘው ዋናተኛውን ሁሉ የሚያስደነግጡበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሙዚቃው የለም። ሙዚቃው የሚመጣው እውነተኛው ሻርክ ሲመጣ ነው፤ አይዋሽም። ካመንሽው በኋላ ነው ጉድ የሚሠራሽ፤ ሻርኩ ያለ አንዳች ኖታ ብቅ ይላል። ሰው ከወንበሩ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

አንቺ 18 ደቂቃ ሙሉ ካዘንሽ ተመልካችሽ መቼ ይዘን? እኔም በዚህ በኩል ኃጢአተኛ ነኝ። አንድ ጊዜ የ12 ደቂቃ ፊልም ሰጡኝና ከዳር እስከ ዳር በኪቦርድ ቫዮሊን ሞላሁት። ኮርቼ ለምርቃቱ ሄድኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ ከበስተኋላ የሚያለቅሰው ማነው? ዝም በሉት እንጂ፤ ሴትዮዋ የምትለውን አልሰማ አልኩ» አሉኝ። ወላሂ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ይህ ነው። ፊልሙን ያለ ሙዚቃ ሁለት ጊዜ አያለሁ። ወረቀት ላይ ምስሉ ምን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ ያላለውን። እናት ፎቶ ይዛ ታለቅሳለች፤ ምስሉ ብሏል፣ እኔ ምን ልጨምር? እናት እየሳቀች ለጎረቤት «ደህና ነው፣ ትናንትም ደውሏል» ትላለች፤ ይኼ ውሸት ነው። እዚህ ጋ ሙዚቃ ሥራ አለው። ፊቷ ያላለውን እሱ ያውቃል።

ዝምታ ስል ባዶ ማለቴ አይደለም። የኮምቦልቻ ቤት ድምፅ አለው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ቬንትሌተር ይዞራል። ማታ ከሐረጎ ቁልቁለት የሚወርደው ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀንስ ከሩቅ ይሰማል። አዛን አለ፣ ደወል አለ። ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ስትደርሺ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጉምና ብርድ ባለበት ድምፅ ራሱ የታፈነ ይመስለኛል። ስልክሽን ይዘሽ እነዚህን ቅጂ። ልጁ ወደ ሄደበት መንገድ የሚያመለክተው ያ የመኪና ድምፅ ከማንኛውም ቫዮሊን ይበልጣል።

ወደ ኢንተርስቴላር ልምጣ። እኔም እወደዋለሁ። ግን እንዴት እንደተሠራ ብታውቂ ልትገለብጪው አትፈልጊም ነበር። ክሪስቶፈር ኖላን ለሃንስ ዚመር ስክሪፕቱን አልሰጠውም። አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠው፤ ስለ አባትና ልጅ የተጻፈ። ስለ ጠፈር አንዲት ቃል የለበትም። ዚመር በአንድ ቀን አጭር ዜማ ሠራ። ፊልሙ ስለ ጠፈር ጉዞ መሆኑን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። በ2014 ስንሰማው ያ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን፣ ለንደን ቴምፕል ቸርች ውስጥ የተቀዳው፣ ሥሩ የአንድ ወላጅ ናፍቆት ነው። አንቺ ደግሞ ወላጁም ልጁም በእጅሽ ናቸው። ከዚመር የምትወስጂው ዜማውን ሳይሆን ያንን አንድ ገጽ ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ደላላ፣ ስለ በረሃ ሳታነሺ ስለ እናትየዋ ብቻ አንድ ገጽ ጻፊና ለሙዚቀኛሽ ስጪው።

የሕጉን ነገር ባጭሩ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ይኼኛው ዓመት የእኛ ነው። የደራሲው መብት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ፊልምሽን ዩቲዩብ ላይ ስትጭኚ ማሽኑ ራሱ ሙዚቃውን ለይቶ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞረው ወይም ሊያግደው ይችላል። የአገራችን ዘፋኝ ካሴት ላይ የወሰድሽውም ያው ነው። ቅኝት ግን፣ ዜማ የሚሠራበት የድምፆች ስብስብ ማለት ነው፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም።

ቅኝት ካልን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደስ የሚለኝ ቦታ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው የእኛው አካባቢ ነው። ባቲ ከአንቺ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄጂ ነው። አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን ነው። በመሃል ተቀምጠሽ ለንደን ድረስ ማጀቢያ ፍለጋ መሄድሽ ያስቀኛል፤ አትቀየሚኝ።

ስልክሽ ላይ የፒያኖ አፕ ክፈቺ። ነጮቹን ብቻ ንኪ፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ (በፈረንጅ ፊደል A፣ B፣ C፣ E፣ F)። ሌላ አትንኪ። ዜማሽን ዞር ዞር አድርገሽ ላ ላይ አሳርፊው። ይህ አነስተኛ የሚባለው ትዝታ ነው። አሁን እነዚያኑ አምስቱን እየነካሽ ማረፊያሽን ሚ ላይ አድርጊው። ምን ሰማሽ? አምባሰል ነው። አንዲት ቁልፍ አልለወጥሽም፤ ቤቱ ብቻ ተለወጠ። ሚ ላይ ስታርፊ አጠገቧ ያለችው ፋ በግማሽ ድምፅ ተጠግታ ትጫናታለች። ክብደቱ ከዚያ ይመጣል።

ይህ ለፊልም ሠሪ ወርቅ ነው። የልጁን ዜማ መጀመሪያ በትዝታ ታሰሚያለሽ፤ ናፍቆት ነው፣ ቤት አለው። ወሬው መጥፋቱ ሲከብድ ያንኑ ዜማ ሚ ላይ ታቆሚዋለሽ። ተመልካቹ «ቅኝቱ ተለወጠ» አይልም። ሆዱን ባር ባር ይለዋል እንጂ። ውጥረት ከፈለግሽ ደግሞ አንቺሆዬ አለልሽ፤ ከዶ ከጀመርሽ ዶ፣ ረ ዝቅ ያለ፣ ፋ፣ ሶል ዝቅ ያለ፣ ላ ነው። የዶና የዝቅተኛው ሶል ርቀት ፈረንጆቹ ለሥጋት የሚጠቀሙበት ነው። ኪቦርድ ላይ የምታገኚው ግን የተስተካከለ ድምፅ ነው፤ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጣቱ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ያ ትንሿ ነገር ናት ሰውን የምታባባው።

ስለ ማሲንቆ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰው ሲያዝን ሁሉ ማሲንቆ ማስገባት ሰልችቶኛል። ደግሞ ችግሩ ስልቹነቴ ብቻ አይደለም። የማሲንቆ ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ሰፈር ነው የሚኖረው። ሰው እያወራ ከሥሩ ካስገባሽው ሁለቱ ይጣላሉ፤ ቃሉ ይዋጣል። ክራር ተመትቶ ወዲያው ይከስማል፣ ለቃሉ ቦታ ይለቃል። ስለዚህ ንግግር ሥር ክራር፣ ዝምታ ላይ ማሲንቆ። ከንግግር ሥር የምታስገቢውን ማንኛውንም ሙዚቃ ከንግግሩ ቢያንስ 15 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ዝቅ አድርጊው። ከዚያ በስልክ ስፒከር ስሚው፤ የሚያይሽ ሰው አብዛኛው በስልክ ነው።

መሣሪያ ቆጥቢ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ካየሽ፣ አቀናባሪው ራሚን ጃዋዲ አምስት ሲዝን ሙሉ ፒያኖ አላስነካም። የስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ ክፍል፣ በ2016፣ ድንገት ፒያኖ ይጀምራል። ጆሮ የማያውቀው እንግዳ ስለሆነ አንድ ነገር ሊፈጠር መሆኑ ወዲያው ይታወቅሻል። አንቺም ማሲንቆውን ለአንድ ቦታ ብቻ አስቀምጪው። አንድ። ሁለት ካደረግሽው ዋጋ የለውም።

የቱርክ ድራማዎቹንም ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ፣ በአማርኛ ሲተረጎሙ ሙዚቃቸው እንዳለ የሚቀረው ንግግሩና ሙዚቃው ለየብቻ ስለሚቀመጡ ነው እልሽ ነበር። አንቺም ኤዲት ስታደርጊ እንደዚያው ለያይተሽ አስቀምጪ። ነገ ሌላ ቋንቋ ላይ ልታወጪው ትችያለሽ። ሙዚቃቸውማ ያለማቋረጥ ያለቅሳል፤ ከዚያ አትማሪ።

መንዙማና በገናን በተመለከተ ጠበቅ ልበል። ሁለቱም ጸሎት ናቸው። ወሎ ውስጥ ፊልም ስለሠራሽ ብቻ ከበስተኋላ መንዙማ ማንጠልጠል ደስ አይለኝም፤ በሁዳዴ የሚሰማ በገናም ለሐዘን ማድመቂያ አይደለም። እናትየዋ ዱዓ ላይ ከተቀመጠችና መንዙማው እዚያው ቤት ውስጥ ከተባለ ግን ቦታው ነው። አሁንም ጥያቄው ያው ነው፤ የማን ነው?

የእኛ ሙዚቃ ውጭ ፊልም ላይ እንዴት እንደገባ ሁለት ምሳሌ ልስጥሽ። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ»ን ሲሠራ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ተጠቀመ። እንዴት መሰለሽ? የዋናው ገጸ ባሕርይ ጎረቤት ኢትዮጵያዊ ነው። ሰውየው መንገድ ሊሄድ ሲል ጎረቤቱ ሲዲ ያዘጋጅለታል። የአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ «የከርሞ ሰው» የሚሰማው ከመኪናው ማጫወቻ ነው። ሙላቱን ካሴት ላይ ስንሰማው ያልታየን ነገር ታየን፤ ለካ የመርማሪ ፊልም ምሥጢር አለው! ሁለተኛዋ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ የኖሩት መነኩሴ። የፒያኖ ዜማቸው በ2021 «ፓሲንግ» በተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ እየተመላለሰ ይሰማል። ታሪኩ በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ስለሚኖሩ ሁለት ሴቶች ነው፤ ከእኛ ጋር ምንም አያገናኘውም። ግን ያ ፒያኖ ልክ እንዳንቺ ፊልም እናት ነው፤ ሊናገር ይልና ይመለሳል። ማስገደድ የለበትም።

የአገር ውስጥ ካልሽ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እይ፤ የ2008 ነው። ሙዚቃውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር ናቸው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ ብቻውን እጽፋለሁ፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም።

አሁን ሥራሽን እንከፋፍል። ያስገባሽውን ሙዚቃ በሙሉ አውጪ። ሁሉንም። ያማል፣ አውቃለሁ። ለልጁ አንድ አጭር ዜማ ሥሪ፣ ከስምንት ኖታ ያልበለጠ፣ በእነዚያው በአምስቱ ቁልፎች። እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይ ትሸምድደው። ባቲ ገበያ ሰኞ ብትወርጂ፣ ካልሆነም እዚሁ ደሴ፣ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈልጊና ያንን ስምንት ኖታ አስጫውቺው። ክፈዪው። አንድ ገጽ ውልም ተፈራረሙ፤ ወንድምሽ እንኳ ቢሆን። ከ18ቱ ደቂቃ ሙዚቃ የሚኖርበት አራት ቢሆን ይበቃል እላለሁ፤ አምስት ካደረግሽው አልጣላሽም።

መጨረሻው ላይ ስልኩ ሲጠራ ምንም አታስገቢ። የጥሪው ድምፅ ራሱ የልጁ ዜማ ይሁን፣ እሱ ሞልቶላት የሄደው። እሷ እጇን እስክትጠራርግ፣ ነጠላዋን እስክታስተካክል ይጥራ። ማን እንደደወለ አልነገርሽኝም፤ ማወቅ ያለብሽ ግን አንቺ ነሽ፣ ጥሪው ሲያበቃ የምታስገቢው የማሲንቆ ማረፊያ በሱ ነው የሚወሰነው። የደወለው ልጁ ከሆነ ላ ላይ አሳርፊው። ሌላ ሰው ከሆነ ግን ሚ ላይ ተዪው፤ ስክሪኑም እዚያው ይጥቆር።